በረዶና እንስራ

ሰኞ፣ በጋው ሲገባ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልሽ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል አይደለም፤ የምር ደህና ነን። መልሱን ስላዘገየሁብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጭነት መኪናው ሾፌር ደብዳቤ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ወረቀቱ ግማሽ ላይ እየሆነብኝ ባዶ እጁን ሸኘሁት። በስልክ ለምን አታወሪኝም ብለሻል። በስልክማ እኔ ሳወራ ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል፤ ባለቤቴም አጠገቤ ቆሞ «እንዲህ በያት፣ እንዲያ በያት» እያለ ያዋክበኛል። አናጢ አይደል፣ የሰው ወሬ ሁሉ ካልላገው ደስ አይለውም። ወረቀት ይሻለኛል፣ ዝም ብሎ ያዳምጠኛል።

መብራት እውነት ገባ ወይ ላልሽው፣ ገባ። ሲፈልገው ይመጣል፣ ሲፈልገው ይሄዳል፤ ቢሆንም ገብቷል። በተበደርኩት ገንዘብ ምን እንደገዛሁ ደግሞ ገምቺ ብልሽ ዓመት ሙሉ ብትገምቺ አታገኚውም። ፍሪዘር ገዛሁ! አዎ፣ እኔ፣ በዚህ አቧራ መሃል! ከላይ የሚከፈት፣ ነጭ፣ ትልቅ ሳጥን የሚያህል። ከመኪናው ሲያወርዱት መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። አናጢው የሚቀመጥበት የእንጨት መደብ ሠራለት፤ ለኔ እንኳ እንደዚያ የተዋጣለት አልጋ ሠርቶልኝ አያውቅም።

ይህንን የምጽፍልሽ ጀርባዬን አስደግፌው ነው። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ያንጎራጉራል። ውጭው ነጭ ሆኗል፣ ሜዳው እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል፣ ውሾቹ እንኳ ጥላቸው ላይ ተኝተዋል። እኔ ግን ጀርባዬ ቀዝቅዞ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ የምጽፈው እኔ ልሁን ወይስ የማልመው እንጃ። ውሃውን በትንንሽ ፌስታል አስሬ አስገባዋለሁ፣ ሲረጋ አውጥቼ እሸጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ልጆቹ በረዶውን ጉንጫቸው ላይ እየለጠፉ ሲጮሁ ብታዪያቸው! አንዲት አሮጊት ተቀብላኝ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ሲያልቅ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ «የት ሄደ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ብድሩን የወሰድነው አምስት ሆነን ነው። ልብስ ሰፊዋ፣ ዶሮ አርቢዋ፣ ባለሱቋ፣ እኔ፣ አምስተኛዋ ሸክላ ሠሪዋ። እሷን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። እናታችን ስትታመም አንቺን አዝላ የዞረችው እሷ ናት፤ እስከዛሬ «ልጄ እንዴት ናት?» ነው የምትለኝ፣ እህትሽ እንኳ አትልም። አምስተኛ ሰው ጥሩ ሲሉን ሌላ ማንም አልመጣልኝም። በየሳምንቱ የልብስ ሰፊዋ ቤት ወለል ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አምስታችንም የየድርሻችንን ሳናስቀምጥ ማንም አይነሳም። ገንዘቡን የሚሰበስበው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣና አቧራ እንዳይነካው ቆሞ ይጠብቀናል። እስክንጨርስ ስናወራ፣ ስንስቅ፣ እሱ ሲያዛጋ።

አንድ ነገር ጠይቄሽ ላብቃ። አንቺም እዚያ ያው የብድር ሠራተኛ ነሽ፤ ፈርሙ ስንባል ዝም ብለን የፈረምነው «የቡድን ዋስትና» ምንድነው? ሌሎቹን ልጠይቅ አፈርኩ።

የምትወድሽ ታላቅሽ


ሐሙስ፣ ነፋሱ በተነሳበት ሳምንት

እታለም፤

ደብዳቤሽን በሁለት እጄ ይዤ ጮክ ብዬ ሳነበው የታችኛው ክፍል ብስክሌት ጠጋኝ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ በደረጃው መጣ። «እህቴ ፍሪዘር ገዛች!» ብለው «ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለኝ። አላለቀስኩም፤ አቧራ ነው በዪኝ።

በሾፌሩ አፍ «ትበያለሽ ወይ?» ብለሽ ላስጠየቅሽኝ፣ እበላለሁ። ከስታለች ብሎ የነገረሽ ሾፌሩ ከሆነ ዋሽቶሻል፤ ሞተር ብስክሌት ላይ ሁሉም ሰው ከሲታ ይመስላል። ጠዋት እወጣለሁ፣ ከመንደር መንደር እየዞርኩ ቡድኖቼን እሰበስባለሁ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ይዤ እመለሳለሁ። አንዳንዴ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲረዝም እኔ ቆሜ ሜዳው የሚሄድ ይመስለኛል፤ ዛፎቹ በግራና በቀኝ እየመጡ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። እንዲህ ስልሽ እንቅልፍ ወስዷት ነው እንዳትይ፤ ምናልባት ትንሽ ወስዶኝም ይሆናል።

የጠየቅሽኝን በቀላሉ ልንገርሽ። አምስታችሁ ስትፈርሙ አንዷ መክፈል ቢያቅታት አራታችሁ ትከፍሉላታላችሁ ማለት ነው። ለዚህ ነው መያዣ ቤት፣ መያዣ መሬት የማንጠይቃችሁ፤ መያዣችሁ እርስ በርሳችሁ ናችሁ። እዚህ ብዙ ቤት ሲቃና አይቻለሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነላት አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ገንዘብ የያዘች አለች፣ ባሏ ሳይቀር «እስቲ ካንቺ ልበደር» የሚላት። ስለዚህ አትፍሪ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቡድን ስንመዘግብ «የአባላቱ ሥራ አንዱ ሌላውን እንዳይጋፋ ይታይ» የሚል መስመር አለን። ማንም አያነበውም፣ እኔ ግን አነበዋለሁ። አምስታችሁ ሥራችሁ አይጋፋም አይደል?

ሸክላ ሠሪዋን ሳሚልኝ። ጀርባዋ እስከዛሬ ይሸተኛል፤ እርጥብ አፈርና ጭስ። አንዳንዴ ሞተሩ ላይ እያለሁ ዝናብ ሲያካፋ ያ ሽታ ድንገት ይመጣብኝና የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ለአናጢው ሰላም በይልኝ፤ ለፍሪዘሩ የሠራውን መደብ ለኔም ክፍል ይሥራልኝ፣ አልጋዬ ያጋድላል።

ሚጣሽ


ማክሰኞ፣ በሙቀቱ መሃል

ሚጣዬ፤

እኔን! ያጋደለ አልጋ ላይ ተኝተሽ ኖሯል? አናጢው ሰምቶ በጣም ተናዶ አራት ቁራጭ ሳንቃ ላከልሽ፤ ሾፌሩ ያመጣልሻል። ከእግሩ በታች አድርጊው ብሏል።

በመካከሉ የላክሽው አጭሩም ደብዳቤ ደርሶኛል። «ለምን ዝም አልሽ?» ብለሻል። ዝም አላልኩም፣ ጊዜ አጣሁ እንጂ። ሰው አሁን በስሜ አይጠራኝም፤ «በረዶ» ነው የሚሉኝ። «በረዶ ቤት ናት?» «በረዶ ጋ ደርሰህ ና!» ባለሱቋ ቀዝቃዛ ውሃ ከኔ ወስዳ ትሸጣለች፣ መንገድ የሚጠርጉት ሠራተኞች ለምሳ ሰዓት ከኔ ይወስዳሉ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ መርፌ የተወጋ ልጅ ሲያለቅስባት ወደኔ ትሰዳለች። ቤቴ ከውጭው ስለሚቀዘቅዝ ሴቶቹ ቀትር ላይ ይመጡና ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ፍሪዘሩ ያንጎራጉራል፣ እነሱ ያንቀላፋሉ፤ እኔም መሃላቸው ሆኜ ጣሪያውን እያየሁ መስኮት ያለው ሁለተኛ ክፍል እሠራለሁ፣ መጋረጃውን እሰቅላለሁ፣ አንቺን አመጣና አስተኛሻለሁ። ደግሞ አፈርሰውና ሰፋ አድርጌ እሠራዋለሁ። በሐሳብ ሲሆን ሚስማር አያልቅብሽም።

ሥራችን ይጋፋል ወይ ብለሻል። አንቺ ደግሞ! ልብስ፣ ዶሮ፣ ሱቅ፣ ሸክላ፣ በረዶ። ምን የሚጋፋ አለው? ዶሮ ቀሚስ አይለብስ።

አንድ ቀን እንደዚያው ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኗል። ቤቶቹ እየተንሳፈፉ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ የኔ ቤት ነጭ ነው፣ ከሁሉም ይፈጥናል። ዳር ላይ ሸክላ ሠሪዋ ቆማ ትጠራኛለች። ድምፅዋ አይሰማኝም። እጄን ላውለበልብላት ፈልጌ በሁለት እጄ በረዶ ይዣለሁ፣ ብለቀው ይቀልጣል፤ ስለዚህ ዝም ብዬ አያታለሁ። ስነቃ እጄ ደንዝዞ ፍሪዘሩ ላይ አርፎ አገኘሁት። ሕልም ነው፣ ምን ታረጊዋለሽ።

ስለሷ ደጋግመሽ ጠይቀሻል፤ ደህና ናት። ሰሞኑን ስብሰባ አልመጣችም፣ ትንሽ ቢያማት ነው መሰለኝ። ድርሻዋን አራታችን አዋጥተን ሸፈንንላት። በሚቀጥለውም አልመጣችም፣ ያኔም ሸፈንን። ዶሮ አርቢዋ ትንሽ አጉረመረመች፤ ታውቂያታለሽ፣ እሷ ዝናብ ቢዘንብም ታጉረመርማለች። ሌላ ወሬ የለኝም። እንደምን ዋልሽ እስክንባባል ደህና ሁኚ።

በረዶ (ይኸው፣ እኔም ለመድኩት)


ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ

እታለም፤

ሳንቃዎቹ ደረሱ። አልጋዬ ቀጥ አለ፤ እኔ ግን ማጋደል ለምጄ አሁን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለአናጢው ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

የላክሽውን ብጣሽ ወረቀት ሾፌሩ ከሳንቃው ጋር ሰጠኝ። ስለዚህ ሦስቱ ከእንግዲህ አንሸፍንም ብለዋል፤ ባለ ነጭ ሸሚዙም «ወይ አራታችሁ ፈርማችሁ ከቡድኑ አስወጧት፣ እኛም ከሷ የምናገኘውን እንወስዳለን፣ ወይ አንዳችሁ ዕዳዋን በሙሉ ውሰዱ» ብሏችኋል። ልጁ አልዋሸም፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። «እኔ ልከፍልላት» እንዳልልሽ የተቋሙ ሠራተኛ ለዘመድም ለጎረቤትም መክፈል አይችልም፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ነን።

ምን ላድርግ ብለሽኛል። እንደ ባለሙያ ስመልስልሽ፣ ፈርሚ። አትናደጂብኝ። ሦስቱም ልጆች አሏቸው፣ እነሱም በሷ ምክንያት ሁለተኛ ብድር አጥተው ሊቀሩ ነው። አንቺም ገና መቆምሽ ነው። ፍሪዘሩ ቢሄድብሽ እንደገና አታገኚውም፤ ይኼንን በየቀኑ ስለማየው ነው የምልሽ። ሰው ከቡድን ወጣ ማለት ከሰው ወጣ ማለት አይደለም። ወረቀት ነው።

በኔ በኩል ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ የምጽፈው ጠፋኝ። ይቅርታ፣ አጭር ሆነብሽ።

ሚጣ


እሑድ

ሚጣ፤

እንደምን አለሽ? እኔ እንደምን እንዳለሁ አላውቀውም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አልተናደድኩብሽም። ቃሉ ያንቺ ነው፣ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው፤ እንደዚያ ሆኖ ታየኝ። «በኔ በኩል ሥራ በዝቶብኛል» ብለሽ ያለፍሽው ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ አሳድጌሽ ትደብቂኛለሽ?

«ፈርሚ» ላልሽው፣ አልፈረምኩም። ልፈርም ነበር ግን። እውነቱን ልንገርሽ፣ እስክሪብቶውን ይዤው ነበር። ከዚያ «እስቲ መጀመሪያ ዓይኗን ልየው» አልኩና ቤቷ ሄድኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ አልሄድኩም ነበር፣ ይታይሽ። እሷ አፍራ አትወጣም፣ እኔ ሥራ በዝቶብኝ አልሄድም፤ በመካከላችን ያለው ርቀት አንድ አጥር ነው።

ግቢዋ ገብቼ ቆሜ ቀረሁ። እንስራ ነው ሁሉም ቦታ። አጥሩ ሥር ተደርድሯል፣ በረንዳው ላይ፣ የማገዶው ቤት ውስጥ፣ አልጋዋ ሥር ሳይቀር። የውሃ እንስራ፣ ውሃ የሚቀዘቅዝባቸው፣ አንገታቸው ቀጠን ያለው፣ አገር የሚያውቀው የሷ ሥራ። በተበደረችው ገንዘብ ማገዶና አፈር በብዛት ገዝታ፣ ለበጋው ብላ ከወትሮዋ አብዝታ ሠርታ፣ ይኸው አንድም አልተሸጠ። ነፋስ ሲመጣ በአፋቸው እየገባ ሁሉም አብረው ያጉተመትማሉ። ቀትር ነበር፣ ፀሐዩ አናቴ ላይ ነው፣ እኔ ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ያ ድምፅ የቤቴን ፍሪዘር ድምፅ ይመስላል።

«በበጋ ነበር የሚሸጥልሽ፣ ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው?» አልኳት። ሞኝ ነኝ አይደል? ጠየቅኳት እኮ! በአፌ!

እሷ ሳቅ አለች፣ ዱሮ እኔ የማይሆን ነገር ስጠይቃት እንደምትስቀው። «ያንቺን ውሃ የቀመሰ የኔን እንስራ ምን ያደርገዋል?» አለችኝ። ክፋት የለባትም፣ ልክ «ዛሬ ሞቋል» እንደማለት ነው የተናገረችው። ከዚያ ደግሞ «እኔ ራሴ ልጄን ልኬ አስገዝቼ ቀምሻለሁ። ጥሩ ነው በረዶሽ፤ ጥርስ ይነካል እንጂ ጥሩ ነው» አለች። ልጅቷን አስታወስኳት። በግርግሩ መሃል ማንነቷን ሳላስተውል ነው የሸጥኩላት።

ሚጣዬ፣ ለአንድ ብድር አብረን ቃል የገባን ሴቶች ነን፤ እኔ ለሷ ዋስ፣ እሷ ለኔ ዋስ። ገበያዋን የወሰድኩባት ደግሞ እኔው ነኝ። ከአምስታችን አንድም ሰው ይኼ አልታየውም። ወዳጅ መረጥን እንጂ ሥራ ማን አየ? «ዶሮ ቀሚስ አይለብስ» ብዬሽ ነበር፤ ራሴን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝ።

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ከበሩ አልወጣችም። «ፈርሚ፣ እኔ አልቀየምሽም» አለች። እንዲህ ባትለኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምጠይቅሽን እንደ ባለሙያ አትመልሺልኝ። አራቱ ሲፈርሙ፣ አምስተኛዋ ምን ትሆናለች? እዚያ አይተሽ ታውቂያለሽ። ወረቀት ነው አትበዪኝ።

እህትሽ


ረቡዕ

እታለም፤

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው ይህንን የጻፍኩት።

አይቻለሁ። ያንን ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ሳምንት ነው መጨረሻውን ያየሁት። እዚህ አንዲት ሳሙና የምትሠራ ሴት ነበረች፣ ሳቂታ፣ ስመጣ እጄን ይዛ በሳሙናዋ የምታጥበኝ። ባሏ ለሥራ ሄዶ ሳይልክላት ቀረ። አራቱ ፈረሙ፤ ወረቀቱን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጥሩ ሴቶች ናቸው፣ ክፉ አይደሉም፤ ሲፈርሙ አንዷ መስመሩ ጠመመባት። ከሴትዮዋ ቤት የተወሰደው በርሜሏና ድስቷ ነው፣ ሌላ ምን አላት።

እኔ የመሰለኝ በዚያ ያበቃል ነው። በሚቀጥለው ስሄድ ቧንቧው ጋ አየኋት። ባልዲዋን ይዛ ስትጠጋ አራቱ ወዲያ ዞሩ። አልሰደቧትም። ሐፍረት ነው እኮ፣ ዓይኗን ማየት አቃታቸው። እሷ ደግሞ የተጠላች መሰላት። ሰላም የሚላት ጠፋ፣ ሰላም ማለት ቀረ። ከዚያ በኋላ ስሄድ ቤቷ ተዘግቷል። ወዴት እንደሄደች አንድም የሚያውቅ የለም። አልነገረቻቸውማ፣ ማንን ትንገር? ሞተሩን አጥፍቼ ደጇ ላይ ቆምኩ። ግቢው ውስጥ የሳሙናው ሽታ አለ፣ ዛፉ ላይ ልብስ ማስጫ ገመድ ይወዛወዛል፣ አንድ ሰው ለአፍታ ወጣ ብሎ የሚመለስ ነው የሚመስለው። ዝም ብዬ ጠበቅኳት። ለምን እንደጠበቅኳት አላውቅም።

ያን ቀን ማታ ነው «ፈርሚ» ብዬ የጻፍኩልሽ። ለምን እንደሆነ ራሴም አልገባኝም። ትክክል ነው ካልኩሽ ያየሁት ነገርም ትክክል የሚሆንልኝ መስሎኝ ይሆናል። ያዘለችኝን ሴት! እታለም፣ አሁን ሞተሩ ላይ ስወጣ ጀርባዬን የሆነ ነገር ይከብደኛል፤ ዞር ብዬ አያለሁ፣ ማንም የለም።

ሥራዬን ልልቀቅ? ልምጣ? የምትወስኚውን ወስኚ፣ እኔ ከእንግዲህ ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም። ብቻ ጻፊልኝ።

ሚጣሽ


ዓርብ፣ ደመና የሚመስል ነገር በታየበት ቀን

ሚጣዬ፣ የኔ ዓለም፤

እንደምን አለሽ? አልቅሰሽ ከሆነ ፊትሽን ታጠቢና አንብቢ። እኔ ደህና ነኝ። የምር።

ደብዳቤሽን ለአናጢው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተነስቶ ሜትሩን አወጣና ፍሪዘሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ለካ። «ምን ልታደርግ ነው?» ብለው «በበሩ እንዴት እንደሚወጣ ላውቅ ነዋ» አለኝ። ሜትሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ያንን የሠራለትን መደብ ለረጅም ጊዜ በእጁ ሲደባብሰው አየሁት፤ ያየሁ አልመሰልኩም።

በስብሰባው «ዕዳዋን እኔ እወስዳለሁ፤ ፍሪዘሩን ውሰዱና በዋጋው ይዘጋ» አልኩ። ዶሮ አርቢዋ ጮኸችብኝ። «አብደሻል? በሙቀቱ መሃል፣ ገበያው ሲደምቅልሽ!» ባለሱቋም «ቀዝቃዛ ውሃዬስ?» አለች፣ ወዲያው አፈረችና አፏን ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ብቻ መርፌዋን እንደያዘች አንገቷን ደፋች። የወሰንኩት እንደ ጻድቅ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሲጨንቀኝ ሰንብቼ፣ ሁለት ልብ ሆኜ፣ መስኮት ያለውን ክፍል እንደገና ሳፈርስ ሳቆም ከርሜ ነው። አሁንም እንደተቃጠልኩ ነኝ። ፍሪዘሩን እወደው ነበር እኮ! ስሜን ሰጥቶኛል።

ባለ ነጭ ሸሚዙ ሊወስደው መኪና ይዞ መጣ። ሾፌሩ ወገቡን አሞታል፣ አናጢው ሥራ ላይ ነው፤ አልዋሽሽም፣ ሆን ብሎ ነው ሥራ የሄደው። ሴቶቹ መጡ። እኔ አንዱን ጫፍ ያዝኩ፣ ሦስቱ ሦስቱን፣ ልጁም ሸሚዙን ሰብሰብ አድርጎ ከመሃል ሊደግፍ ሞከረ። ከመሬት አልነሳ አለን። ቆምን፣ ተነፈስን፣ እንደገና ሞከርን። እንቢ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። ሸክላ ሠሪዋ። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ እጇ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ማንም አልጠራትም። ከቤቷ ስትወጣ ካየናት ስንት ጊዜዋ! ቀጥ ብላ መጣች፣ ዶሮ አርቢዋን በክርኗ ገፋ አድርጋ ሞተሩ ያለበትን፣ ከባዱን ማዕዘን ያዘች። «በሉ» አለች። ዕድሜ ልኳን ጭቃ የረገጠች ሴት አይደለች? ብድግ አለ። አምስት ሆነን በበሩ ይዘነው ወጣን። አናጢው በትክክል ለክቶ ኖሯል፣ በሩን እንኳ አልነካም። ፀሐዩ ነጭ ላዩ ላይ ሲወድቅ ዓይናችን ጠፋ፤ ለጥቂት እርምጃ ምን እንደተሸከምን ሳናይ፣ አንዳችን ያንዳችንን ትንፋሽ እየሰማን ሄድን። ያ መንገድ በሕይወቴ ረጅሙ መንገድ ነበር፤ እንዲያልቅም አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም።

መኪናው ላይ ጫንነው። ሾፌሩ በገመድ አሰረው። እጃችን ባዶ ሆኖ ቆምን። እሷም መሬት መሬት እያየች ወደ ቤቷ ልትመለስ አንድ እግሯን አንስታለች።

ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አትልቀቂ። አንቺ ብትወጪ የሚገባው ያ ሸሚዙን የሚያራግፈው ልጅ ነው። ይልቅ ያችን ሳሙና ሠሪ ፈልጊያት። በየሄድሽበት ሞተርሽን አቁመሽ ጠይቂ፣ ሾፌሮቹንም ጠይቂ፣ ሰው ደግሞ ሽታው ይጠፋል እንዴ? ስታገኚያት ስለ ብድር አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፤ ሰላም በያት ብቻ። ማንበብ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና ያንን ማንም የማያነበውን መስመርም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ከዚያ ነይልኝ፣ ለዕረፍትሽ። ክፍሉ መስኮት የለውም፣ ግን ቦታ አለው፤ አንድ ጥግ ባዶ ነው።

የጀመርኩትን ልጨርስልሽ። እንዳልኩሽ ሁላችንም ባዶ እጃችንን ቆመናል። ባለ ነጭ ሸሚዙ ላቡን ጠረገ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ልጅ ነው እኮ ሲያዩት። መኪናውን ተደግፎ፣ ምንም ሳያስብ፣ ጨዋ ሆኖ፣ «እናቶቼ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይኖራችሁ ይሆን?» አለን።

ሁላችንም አየነው። ከዚያ መኪናው ላይ የታሰረውን ፍሪዘር አየን። መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ዶሮ አርቢዋ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰን! ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ባለሱቋ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ያዘች፣ እኔ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ለራሴም አልለየልኝም። ልጁ ደግሞ «ምን አልኩ?» ይላል፣ ዓይኑን እያቁለጨለጨ። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል አምስተኛው ሳቅ መጣ። ያ ጎርናና ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣው፤ አንቺ ጀርባዋ ላይ ሆነሽ ከነልብሷ ሲነቀንቅሽ የነበረው። ሚጣዬ፣ እሱን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ጉንጯ ላይ ጭቃ ተላለፈ። ዶሮ አርቢዋ «ኧረ ለልጁ ውሃ ስጡት፣ ሊሞት ነው» ስትል፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቆዩ፣ እኔ ላምጣለት» ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

ታላቅሽ